ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው

ልብስ ሰፊ ነኝ። ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያ፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበርና አንድ ቬንትሌተር ይዛለች። ቬንትሌተሩ ያቀዘቅዛል ብዬ አልዋሽም። ሙቀቱን ከአንዱ ጥግ አንስቶ ወደ ሌላው ጥግ ይወስደዋል፣ በቃ። የድሬ ሰው ይገባዋል።

ልብስ አሰፍታችሁ የምታውቁ ከሆነ ይቺን ነገር ሰምታችኋታል። «አልቋል፣ ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው።» ሱሪ ከሆነ «መዘምዘም ብቻ»፣ ቀሚስ ከሆነ «ዚፕ ብቻ» ይባላል። ብዙ ጊዜ ይህ የሚባለው ጨርቁን መቀስ ሳይነካው ነው። ደንበኛው ያውቃል። እኛም እንደሚያውቅ እናውቃለን። እሱ «እሺ፣ ነገ እመጣለሁ» ይላል፣ እኛ «ነገ ጠዋት!» እንላለን፣ በሰላም እንለያያለን። እኔ ይህን ቃል ሃያ ዓመት ያህል ተናግሬዋለሁ። ንስሐ ስገባ ግን አንድም ቀን ከኃጢአቶቼ ጋር ቆጥሬው አላውቅም።

እሁድ እሁድ ደግሞ አስተማሪ ነኝ። በደብራችን ሰንበት ትምህርት ቤት ከአሥራ ሦስት እስከ አሥራ ሰባት ዓመት ያሉትን ልጆች አስተምራለሁ። «ጋሼ» ነው የሚሉኝ። ጋሼ መባል ደስ ይላል። ትንሽ ያስታብያልም።

የምነግራችሁ ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ የሆነውን ነው።

ሱቅ ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ አንድ ልጅ አለ። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። እናቱ ናት ያመጣችልኝ፤ «ጫት ቤት ከሚውል አንተ ጋ ሙያ ይያዝ» ብላ። ጎበዝ ነው። ኮሌታ ሲያወጣ እኔ በሱ ዕድሜ ከነበርኩት ይበልጣል (ይህን ለሱ አልነገርኩትም)። አንድ ጠባይ አለው። የሚሰማው ወሬ ካለ እግሩ ይቆማል። የሱ መኪና በእግር የሚረገጠው አሮጌው ሲንጀር ነው። ሲንጫጫ ቆይቶ ድንገት ጸጥ ካለ ልጁ ጆሮውን ጥሏል ማለት ነው።

የክፍሌም ተማሪ ነው። ስድስት ቀን ሱቅ ውስጥ ያየኛል፣ በሰባተኛው ነጠላዬን አጣፍቼ ስለ ክርስትና ሕይወት ሳወራ ይሰማኛል። ያኔ ነገሩን እንዲህ አስተያይቼው አላውቅም ነበር።

ኅዳር ማለቂያ ላይ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ የጻፈውን አስተማርኩ። «በቃልና በኑሮ በፍቅርም በእምነትም በንጽሕናም ለሚያምኑቱ ምሳሌ ሁን እንጂ ማንም ታናሽነትህን አይናቀው።» አንደኛ ጢሞቴዎስ 4፥12። እውነቱን ለመናገር ጥሩ አስተማርኩ። ጢሞቴዎስ ወጣት እንደነበር፣ እምነቱን ከአያቱ ከሎይድና ከእናቱ ከኤውንቄ እያየ እንዳደገ ተናገርኩ። «ከሁሉ አስቀድሞ ‹በቃል› ያለው ለምን ይመስላችኋል?» ብዬም ጠየቅሁ። አዎ፣ እኔው ነኝ የጠየቅሁት።

ልጁ በማግስቱ ጥቅሱን ካርቶን ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጽፎ፣ በክር አንጠልጥሎ፣ ከሲንጀሩ በላይ ምስማር ላይ ሰቀለው። ጽሕፈቱ ያምራል። ደስ አለኝ።

የድሬ ሰፊ ታኅሣሥ ላይ እንቅልፍ የለውም። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ነው። ከአሥር ቀን በኋላ ገና፣ ከዚያ ጥምቀት። የደንገጎን ዳገት በእግሩ የሚወጣ አለ፣ በሚኒባስ የሚሄድ አለ፣ ሁሉም ነጭ ልብስ ይፈልጋል። ጾመ ነቢያትም ነው። በጾም ቀልድ አላውቅም፤ እስከ 9 ሰዓት እህል አልቀምስም። በዚያ ሰሞን ከጾሙ አንድ ቀን አላጎደልኩም። ከውሸቱም እንደዚያው።

ያው ኅዳር ሳያልቅ አንዲት ሴት ሁለት ሜትር ነጭ ፖፕሊን በፌስታል ቋጥራ መጣች። ሰባት ዓመት ልጅ ስትለምን ኖራ፣ ለቁልቢ ተስላ፣ ሴት ልጅ ወልዳለች። ሰማንያ ቀኗ ከበዓሉ ጋር ገጥሟል። ክርስትና የምትነሳው እዚያው ቁልቢ ነው። የምትፈልገው ለሕፃኗ ነጭ ቀሚስ፣ ከፊት ሦስት ትንንሽ ቁልፎች ያሉት። ልኳን ስወስድ ሕፃኗ ሜትሬን ጨምድዳ አልለቅም አለች። ሁላችንም ሳቅን። ቀብድ ተቀበልኩ። «ታኅሣሥ 15 ነይ» አልኳት።

በ15 መጣች። ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው። በ16 ደወለች። ቁልፍ ብቻ።

በ17 ክርና ዚፕ ልገዛ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ መጋላ ሄጄ ነበር። ስመለስ ሴትዮዋ ሕፃኗን አዝላ፣ ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ፣ በሩ ላይ ቆማለች። ልጁ ሲመልስላት ሰማሁ።

«አልቋል እትዬ፣ ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው።»

ቃሉ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። ድምፁም የኔ ነው። «ብቻ» ላይ ስደርስ ትንሽ ሳብ አደርጋታለሁ፤ እሱም ሳብ አደረጋት። ጠመኔውን ከጆሮው ኋላ አውጥቶ በጣቶቹ መሐል እያሽከረከረ ነው፤ ይህን የማደርገው እኔ ነኝ። ከዚያ ጨመረበት። «እንዲያውም ነገ ጠዋት እኛው እንደውልልሻለን፣ አትድከሚ።» ይቺም የኔ ናት። ከራሱ በላይ ካርቶኑ በቬንትሌተሩ ይወዛወዛል።

ልጁ ጨርቁ የት እንዳለ እንኳን አያውቅም ነበር።

«ነገማ ወጪ ነኝ» አለች። «ቁልፉ ይቅር፣ ቤቴ እተክለዋለሁ። እንዳለ ስጠኝ።»

ልጁ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ አየኝ። ገባሁ። ከመደርደሪያው ሥር ከተከመረው ጨርቅ መሐል ፌስታሉን ፈልጌ አወጣሁ። ሌላ ምን ላድርግ? ፌስታሉ እንደታሰረ ነው። ሴትዮዋ ቋጠሮውን በጣቷ ነካ አደረገችው።

«ይቺን የቋጠርኳት እኔ ነኝ» አለች።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፣ ሕፃኗን ከጀርባዋ አወረደች፣ ጡት ሰጠቻት። «ስትጨርሱ እነሳለሁ» አለች። ከቀኑ 10 ሰዓት ነበር።

እኔ ቆረጥኩ፣ ልጁ ሰፋ። 12 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። የኔ መኪና ቆመ፣ ካውያውም። ሲንጀሩ ግን መብራት አይጠይቅም። በስልኬ አበራሁለት፣ እሱ ረገጠ። ባለቤቴ ቡናና ዳቦ ይዛ መጣች። ብዙ የተናገረ ሰው የለም። 1 ሰዓት ተኩል ላይ ቀሚሱ አለቀና ሦስቱ ቁልፎች ቀሩ። እውነትም ቁልፍ ብቻ ቀረ። ማናችንም ግን ቃሉን አልተነፈስነውም።

«ቀሪውን ሒሳብ ተዪው» አልኳት። ብሩን ቆጥራ አግዳሚው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ለሦስት ሰዓት ተኩል ሥራ ሃያ ቀን ማለት ነው።

ሱቁን ስንዘጋ ልቆጣው ነበር። የምሬን ነው። «ለምን ትዋሻለህ?» ልለው አፌን ከፈትኩ፣ እንደተከፈተ ቀረ። ጸጥታው ሲረዝም ራሱ ጀመረው።

«ጋሼ፣ እኔ'ኮ ውሸት ነው ብዬ አላሰብኩትም። የሥራው አካል መስሎኝ ነው። እንደ መዘምዘም።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ልጁ ትእዛዜን የጣሰ መስሎኝ ነበር፤ ስገላብጠው ለካ እየታዘዘኝ ነው። ኮሌታ እንዴት እንደሚገለበጥ በቃል አላስተማርኩትም። ፊቱ ሠርቼ ነው ያሳየሁት። ውሸቱንም ፊቱ ሠርቼ አሳየሁት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ። ጥቅሱን ግን የነገርኩት ብቻ ነው። እሱም አንድ እሁድ።

በማግስቱ ገላትያን አነበብኩ። ምዕራፍ 2 ላይ ጴጥሮስና ጳውሎስ አንጾኪያ ላይ የተጋጩበት ታሪክ አለ። ጴጥሮስ ከአሕዛብ ወገን ካመኑት ጋር አብሮ ይበላ ነበር። ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲመጡ ግን ፈርቶ ራሱን ለየ። ልብ በሉ፣ የተሳሳተ ስብከት አልሰበከም። ከገበታ ነው የተነሳው። በዚያው ሌሎቹም አይሁድ ተከትለውት ተነሱ፣ ጳውሎስም «በርናባስ ስንኳ» ይላል፣ በግብዝነታቸው ተሳበ። በዚህ ታሪክ ሁልጊዜ የማየው የጳውሎስን ድፍረት ነበር። አሁን በርናባስ ላይ ቆምኩ። በርናባስ'ኮ ተራ ሰው አይደለም። መሬቱን ሸጦ ገንዘቡን በሐዋርያት እግር ሥር ያኖረ ነው። ሳውልን ሁሉም ሲፈሩት እጁን ይዞ ወደ ሐዋርያት ያቀረበው እሱ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ጓደኛው ከወንበር ሲነሳ አይቶ ተነሳ። በርናባስ ከተሳበ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ እንዴት አይሳብ?

ጳውሎስስ የሙያ ወንድሜ አይደል፣ ድንኳን ሰፊ። ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ ሌሊትና ቀን በእጁ የሠራው ለማንም ሸክም ላለመሆንና ራሱን ምሳሌ አድርጎ ለመስጠት እንደሆነ ይነግራቸዋል። ድንኳን ያዘዘው ሰው «ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው» የተባለ አይመስለኝም። ድንኳን ቁልፍ ስለሌለው ይሆናል።

ዶርቃም አለች፣ በኢዮጴ። ስትሞት መበለቶቹ እያለቀሱ ለጴጥሮስ የሰፋችላቸውን ቀሚስና ልብስ ነው ያሳዩት። እኔ ብሞት ደንበኞቼ የሚያሳዩት የቀብድ ወረቀት ነው።

«ምሳሌ» ሲባል ሁልጊዜ ትዝ የምትለኝ አንዲት አሮጊት አለች። መምህር አልነበረችም። ዘማሪም አልነበረችም። እንጀራ ጋግራ ነው የምትሸጥ የነበረችው። በ1998 ክረምት ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ያን ሰሞን ድሬ የነበረ ሰው ስለዚያ ሌሊት ብዙ ማውራት አይወድም፤ እኔም አላወራም። ቤታቸው የተወሰደባቸው ሰዎች ድንኳን ውስጥ ተጠለሉ። ሴትዮዋ በነጋታው መሶቧን ተሸክማ ሄደች። በሦስተኛው ቀን መሶቡን ተሸከምኩላትና ቤቷ ገባሁ። እንጀራውን ስትለይ አየሁ። ዓይኑ ያማረውን፣ ሳይቀደድ የወጣውን ለድንኳኑ፣ የተቀደደውንና ጠርዙ የደረቀውን ለልጆቿ። «እማማ፣ ተሳሳቱ እንዴ?» አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም። ጥያቄውም የገባት አልመሰለኝም። በሳምንቱ ከደብራችን አሥር የሚሆኑ ሴቶች መሶብ ይዘው ይሰለፉ ነበር። ማንም አልሰበካቸውም። ከመካከላቸው አንዷ የኔ እናት ነበረች፣ እሷም ያማረውን ነበር የያዘችው። ቤት ውስጥ የተቀደደውን የበላሁት እኔ ነኝ።

ወደ ሱቄ ልመለስ።

ከዚያ ሳምንት በኋላ «ከእንግዲህ አልዋሽም» አልኩ። ቀላል መሰለኝ። በሁለተኛው ቀን አንድ ሰውዬ መጣና «ሱሪዬስ?» አለኝ። «አልደረሰም» አልኩት። «መቼ ይደርሳል?» አለኝ። እዚህ ላይ ተያዝኩ። መቼ እንደሚደርስ አላውቅማ! ያን ማታ ደብተር ይዤ ቁጭ አልኩና የሠራነውን ቆጠርኩ። እኔና ልጁ በደንብ ከሠራን በሳምንት አሥራ ሁለት ልብስ እናወጣለን። መብራት ካልሄደ አሥራ አራት። የተቀበልኩት ግን በሳምንት ሃያ አምስት ነው። ውሸቱ ቁልፉ ላይ አልነበረም ማለት ነው። ቀብዱን ስቀበል ነው የጀመረው። አሥራ ሁለት እየሠሩ ሃያ አምስት ተቀብለው ያልዋሹ ሰፊዎች ካሉ አድራሻቸውን ላኩልኝ።

ይህን ስቆጥር የሐረሩ ሽማግሌ ትዝ አለኝ። ሙያውን የተማርኩት ጁገል ውስጥ መኪና ግርግር ነው። የማታውቁት ካላችሁ፣ በግራና በቀኝ ሰፊዎች የተደረደሩበት ጠባብ መንገድ ነው፤ ስሙም ከስፌት መኪናው ጫጫታ የመጣ ነው። ያስተማሩኝ ሽማግሌ ሙስሊም ናቸው። ሁለት ነገር ያደርጉ ነበር። የተረፈውን ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ መዳፍ የምታህለዋን እንኳን ሳይቀር፣ አጣጥፈው በተሰፋው ልብስ ኪስ ውስጥ ያስቀምጡ ነበር። ሁለተኛው ደግሞ ዒድ ሲቃረብ ሰው ጨርቅ ይዞ ሲመጣ «አልችልም፣ ከዒድ በኋላ ና» ብለው ይመልሱ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። «እኚህ ሰውዬ ብር አይወዱም እንዴ?» እል ነበር በሆዴ። ቁርጥራጭ መመለሱን ከሳቸው ወሰድኩ፣ እስከ ዛሬ እመልሳለሁ። «አልችልም» የምትለዋን እዚያው ትቻት መጣሁ።

አሁን ደብተር ሰቅያለሁ፣ ከካርቶኑ ጎን። ስም፣ የልብሱ ዓይነት፣ የሚወሰድበት ቀን። አሥራ ሁለት መስመር ከሞላ ሞላ ነው። ማንም ገልጦ ማየት ይችላል። ወሬው ሲያምር ነው፤ ገቢው ግን በመጀመሪያው ወር ቀነሰ። ሁለት የቆዩ ደንበኞች «ኮራህ» ብለውኝ ሌላ ጋ ሄዱ። አንደኛው ሄዶ «ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው» እየተባለ ነው አሉ፣ ደስ ብሎታል። ባለቤቴ የወሩን ሒሳብ አይታ «ጽድቁ ቀርቶ በቅጡ በኮነነኝ» አለች። እየሳቀች ነው ያለችው፣ ግን ደግሞ እየሳቀች ብቻ አይደለም።

ከልጆቹ ጋር ያለው ነገር ቀርቶኝ ነበር። ከቁልቢ በኋላ ባለው እሁድ ያንኑ ጥቅስ እንደገና ከፈትኩ። የሆነውን ነገርኳቸው። የልጁን ስም አላነሳሁም፤ የሚያፍረው እኔ እንጂ እሱ አይደለም። «ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው» ስል ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ሁሉም ያውቋታል፣ ለካ በየቤቱ ይቀልዱብኛል! ሳቁ ሲበርድ ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው።

«ጋሼ፣ የኔ የገና ቀሚስስ?»

«ያንቺ መቼ ነው የተባልሽው?»

«ታኅሣሥ 25።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ልጁን አየሁት። እሱ መሬት መሬት ያያል።

«ገና አልቆረጥኩትም» አልኳት። «በ28 ማታ ይደርሳል። ከዚያ በፊት አይደርስም።»

እንዲህ የሳቁበት ቀን ትዝ አይለኝም። እኔም ሳቅሁ። በ28 ማታ ወሰደችው። ትከሻው ላይ ትንሽ ሰፍቷት ነበር፣ ከበዓሉ በኋላ አጠበብኩላት።

አንድ ነገር ግን እስከ አሁን ያስቸግረኛል። ልጁ እንደሚያየኝ ካወቅሁ ወዲህ አንዳንዴ እውነት የምናገረው ለሱ ብዬ ነው። ድምፄን ከፍ አድርጌ «አይ፣ አልደረሰም፣ ይቅርታ!» እላለሁ፣ ልጁ እንዲሰማ። ይህ ደግሞ ሌላ ትርዒት አይሆንም? ጌታ በአንድ ተራራ ላይ «መልካሙን ሥራችሁን አይተው» ብሎ፣ ትንሽ ቆይቶ «በሰው ፊት እንዳታደርጉ ተጠንቀቁ» ይላል። ማቴዎስ 5 እና 6። የቱን ልያዝ? ይህን ለንስሐ አባቴ አነሳሁባቸው። ከረጅም ትምህርት ጋር ይመልሱልኛል ብዬ ነበር። «ለልጁ ስትል ነው እውነት የምትናገረው?» አሉኝ። «አንዳንዴ» አልኩ። «ይሁን። ለልጁ ስትል ተናገር። ቆይቶ ይለመድሃል። ውሸቱንም እንዲሁ ነው የለመድከው።» ከዚያ ስግደት ሰጡኝ። ቁጥሩን አልነግራችሁም፣ ጉልበቴ ግን እስከ ጥምቀት አስታውሶታል።

አጥጋቢ መልስ ነው? እንጃ። ጥያቄው ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም። ግን ሰኞ ጠዋት ሱቅ ስከፍት የሚጠቅመኝ እሱ መልስ ነው።

ልጁ አሁን አሥራ ስምንት ሞልቶታል። ባለፈው ሳምንት አንድ የቅርብ ወዳጄ፣ አብሮኝ የሚያገለግል ሰው፣ ለኮት ጨርቅ ይዞ መጣ። እኔ ሱቅ አልነበርኩም። ልጁ ደብተሩን ገልጦ አሳይቶ «ሞልቷል ጋሼ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ» ብሎ መልሶታል። ወዳጄ ደውሎ ተማረረብኝ። እኔም፣ ልደብቃችሁ አልችልም፣ ልጁን «ለሱማ እንሰፋለት ነበር'ኮ» አልኩት። «አቦ ጋሼ!» አለና ደብተሩን ወደኔ ገፋው። አሥራ ሁለት መስመር። ዘጋሁት።

ትናንት ደግሞ ቅዳሜ ነበር። 11 ሰዓት ላይ የሰንበት ትምህርት ቤቱ አስተማሪዎች ስብሰባ ነበረን። ከሩብ ሆኗል፣ እኔ ገና እጅጌ እየተኮስኩ ነው። ስልኬ ጮኸ። «የት ደረስክ? አንተን ነው የምንጠብቀው» አሉኝ።

«መንገድ ላይ ነኝ፣ ባጃጅ ውስጥ...»

ሲንጀሩ ቆመ።

ልጁ ቀና አላለም። ዓይኑ መርፌው ላይ ነው፣ እጁ ጨርቁ ላይ ነው። እግሩ ብቻ ነው የቆመው።

«አይ» አልኩ። «ሱቅ ነኝ። ገና አልተነሳሁም። እናንተ ጀምሩ።»

ሲንጀሩ መንጫጫቱን ቀጠለ።